ከሕዋስ ወደ ማዘዣ ወረቀት፦ ስለ ቫይታሚን ሲ

በ2012 ዓ.ም. የኮቪድ-19 ሕሙማን በኤካ ኮተቤ ሆስፒታልና በቦሌው ሚሊኒየም አዳራሽ ሲታከሙ፣ የቫይታሚን ሲ ነገር በሕዝቡም በባለሙያውም ዘንድ ይነሣ ነበር። የሐሳቡ መነሻ ትክክል ነው። ቫይረሱ ሲባዛ የሕዋሱ ማይቶኮንድሪያ ይታወካል፤ ኒውትሮፊሎችም ሱፐርኦክሳይድ ይረጫሉ፤ ሕዋሱ ራሱን የሚከላከልበት ኤንአርኤፍ2 የተባለው ሥርዓትም ይዳከማል። ስብ፣ ፕሮቲንና ዲኤንኤ የሚጎዱት በዚህ ሁኔታ ነው።

ስሕተቱ «እንግዲያው ጸረ-ኦክሲደንት ይታዘዝ» ሲባል ይጀምራል። እነዚህ የኦክሲጅን ውጤቶች ጀርም መግደያና በሕዋስ ውስጥ መልእክት ማስተላለፊያም መሆናቸው ይዘነጋል። እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካ በ214 ተመላላሽ ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት ሲታተም፣ ቫይታሚን ሲም ሆነ ዚንክ የሕመሙን ጊዜ በጉልህ አላሳጠሩም። በ2022 የታተመው የሎቪት ጥናት ውጤት የባሰ ነበር፤ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ሴፕሲስ ካለባቸው ሕሙማን፣ ቫይታሚን ሲ በደም ሥር በተሰጣቸው ዘንድ ሞት ወይም የዘለቀ የአካል ክፍል ሥራ መታወክ በዝቶ ታየ።

ኦክሲጅን በሚያስፈልጋቸው የኮቪድ-19 ሕሙማን ዘንድ ሞትን መቀነሱ በ2020 የታወቀው ርካሹ ዴክሳሜታሶን ነው (ሎሚውን በሻይ ለሚጠጣ ተቃውሞ የለኝም)። እርሱም የሚሠራው የተፈጠረውን ራዲካል በማጥፋት ሳይሆን፣ ብግነቱን ከምንጩ በማብረድ ነው።