ቦሌ ላይ 10 ሺህ ጫማ ስንት ነው?

ከ10 ሺህ ጫማ በታች ኮክፒት ውስጥ ወሬ የለም። የደመወዙም፣ የልጆች ትምህርት ቤቱም፣ የትናንቱ ጨዋታም ይቆያል። ሕጉን ያመጣው አሜሪካ ውስጥ የደረሰ አደጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ሻርሎት ለማረፍ የተቃረበ የኢስተርን አየር መንገድ አውሮፕላን፣ አብራሪዎቹ ስለ ፖለቲካና ስለ ያገለገሉ መኪናዎች ሲጨዋወቱ ከፍታቸውን ሳይከታተሉ ቀርተው ከመሬት ጋር ተላተመ። እ.ኤ.አ. በ1981 ወሬው በሕግ ተከለከለ። ሻርሎት ግን ከባሕር ጠለል 750 ጫማ ገደማ ብቻ ከፍ ያለች ከተማ ናት። እዚያ 10 ሺህ ሲባል ከመሬት 9 ሺህ ጫማ ተርፎታል ማለት ነው።

ቦሌ 7,625 ጫማ ላይ ነው። ከመንደርደሪያው ተነስተን 10 ሺህ ለመግባት የሚቀረን 2,375 ጫማ ብቻ ነው። በደቂቃ 2,500 የሚወጣ አውሮፕላን አንድ ደቂቃ አይሞላውም፤ ፍላፑ እንኳ ተሰብስቦ ላያልቅ ይችላል። ሕጉን እንደ ወረደ ከያዝነው ዝምታው እዚህ ላይ አበቃ። የወጨጫ ጫፍ ግን ከ11 ሺህ ጫማ ይበልጣል፤ እንጦጦም 10 ሺህን ያልፋል። ተራራውን ገና ቀና ብለን እያየን “አሁን ማውራት ትችላላችሁ” የሚል ሕግ ለእኛ አገር አልተሰፋም። አንዳንድ አየር መንገዶች 10 ሺሁን ከአየር ማረፊያው ከፍታ ጀምረው ይቆጥራሉ። እኔም የምከራከረው ለዚህ ነው፤ በዚህ አቆጣጠር ቦሌ ላይ ወሬ የሚፈቀደው ከ17,600 በኋላ ይሆናል።

ወደ ምዕራብ ስንነሳ ሰበታ ከፊት በስተግራ፣ ቡራዩ በስተቀኝ ይመጣሉ። ወጨጫ ከኋላቸው ተገትሯል፤ የፉሪ ተራራ ከሰበታ ወዲህ ነው። ከእንጦጦ ጀርባ ደግሞ ሱሉልታ አለች፣ እሷ ራሷ ከቦሌ ከፍ ብላ የተቀመጠች። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሸገር ከተማ ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን በአንድ አስተዳደር ሰብስቧቸዋል። ከላይ ሲታዩ ግን አሁንም በየተራራው ሥር ለየብቻ ናቸው።

ከመንደርደሪያው እስከ 10 ሺህ ባለችው በዚያች ደቂቃ የሚሠራውን ላሳያችሁ። አንዱ አብራሪ አውሮፕላኑን ይዟል። ሌላው ጎማ አስገብቶ፣ ፍላፕ እየሰበሰበ፣ ሬዲዮውን ከታወር ወደ ቀጣዩ ተቆጣጣሪ ያዞራል። አየሩ ስስ ነው። ሯጮች ለልምምድ ሱሉልታ ድረስ የሚወጡለት ይኸው አየር የሞተሩን ጉልበት ይቀንሳል፤ የፍጥነት መለኪያው ከሚያሳየው በላይም ስለሚያስኬደን ተራራው ቶሎ ይደርሳል። በዚህ መሐል ተቆጣጣሪው በአንድ ትንፋሽ “አቅጣጫ 140፣ ወደ 14 ሺህ ውጡ” ይላል፤ ለጥቆም በቅርብ ስላለ ሌላ አውሮፕላን ይነግረናል። ሬዲዮውን የያዘው አብራሪ ቁጥሩን አንድም ሳይሳሳት ይደግማል። ግን አፉ ሲደግም ሐሳቡ ፍላፑ ላይ ሊሆን ይችላል። የተመደበ ከፍታ የሚሳተውም ብዙ ጊዜ ቁጥሩ ስላልተሰማ አይደለም፤ በመስማትና ቁጥሩን በማስገባት መካከል ሌላ ሥራ ስለገባ ነው።

ስለዚህ ከአውቶፓይለቱ በላይ የማምነው ጣትን ነው። አዲሱ ከፍታ በአውቶፓይለቱ መቆጣጠሪያ ላይ ባለችው የቁጥር መስኮት እንደገባ ያስገባው ይጠቁማል፣ ጮክ ብሎም ይናገራል፤ ሌላው ራሱ አይቶ ይጠቁማል። ወጣቶቹ ይህ ድራማ ይመስላቸዋል። በተለይ ሁለተኛው ሰው ሳያይ “እሺ” የሚል ከሆነ በእርግጥም ድራማ ነው። ቀጥሎ “አንድ ሺህ ቀረ” የሚባለው አለ። በደቂቃ 3,000 ለሚወጣ አውሮፕላን አንድ ሺህ ጫማ ማለት 20 ሰከንድ ነው። በእነዚህ 20 ሰከንዶች ቻርት የሚያገላብጥ፣ ከካቢን ለሚደውሉ የሚመልስ ወይም ኮምፒዩተሩ ላይ የሚጽፍ አብራሪ ከእኔ ጋር አይስማማም። አውቶፓይለቱ ከፍታውን ለመያዝ አፍንጫውን ዝቅ ማድረግ በጀመረበት ቅጽበት አንድ ቁልፍ ያለ ቦታው ቢነካ፣ መያዙን ትቶ ሽቅብ ሊቀጥል ይችላል።

ከላይ ያለው አውሮፕላን ከእኛ የሚርቀው 1,000 ጫማ ብቻ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. ኅዳር 12 ቀን 1996 ሕንድ ውስጥ ቻርኪ ዳድሪ ሰማይ ላይ የሳዑዲው ቦይንግ 747 ከዴልሂ ተነስቶ ወደ 14 ሺህ ጫማ ወጥቶ ነበር። ሊያርፍ የሚወርደው የካዛክስታን ኢሊዩሺን 76 ደግሞ 15 ሺህ ላይ እንዲቆይ ታዟል። ኢሊዩሺኑ ከ15 ሺህ አልፎ ወረደ፤ በግጭቱ በሁለቱም ውስጥ የነበሩት 349 ሰዎች በሙሉ አለቁ። ከዚያ በኋላ ሕንድ የግጭት ማስጠንቀቂያ መሣሪያን አስገዳጅ አደረገች። መሣሪያው ብዙ ሕይወት ያተርፋል፤ ግን የሚጮኸው ስህተቱ ከተፈጸመ በኋላ ነው።

“መስኮቷ ውስጥ ትክክለኛው ቁጥር ካለ ማሽኑ ይይዘዋል” ለሚሉ ባልደረቦቼ የአልቲሜትሩን ነገር አነሳባቸዋለሁ። ስንነሳ የአየር ግፊቱን በአየር ማረፊያው ልክ እናስተካክላለን፤ ወደ ላይ ስንዘልቅ ሁሉም አውሮፕላን በጋራ ወደሚጠቀምበት 1013 ሄክቶፓስካል እንቀይራለን። ግፊቱ 1025 በሆነ ቀን መቀየሩ ተረሳ እንበል። የ12ቱ ልዩነት ከ300 ጫማ በላይ ነው፤ አውሮፓ ውስጥ “ከፍታ ተሳተ” ተብሎ ሪፖርት የሚጻፍበት ድንበርም 300 ጫማ ነው። አውቶፓይለቱ የተሰጠውን ቁጥር በታማኝነት ይይዛል፣ ሁለቱም አብራሪዎች ጠቁመው ተስማምተዋል፣ አውሮፕላኑ ግን ከ300 ጫማ በላይ ዝቅ ብሎ እየበረረ ነው። ይህን ቀድሞ የሚያየው ብዙ ጊዜ ራዳሩ ላይ የተቀመጠው ተቆጣጣሪ ነው፤ “ከፍታችሁን አረጋግጡ” ይላል፤ ኮክፒቱ ውስጥ ያሉት ደግሞ መጀመሪያ የሚያዩት መስኮቷን ነው።