የሰማዩ ቁመት ስንት ይሁን?

የባቡር ሞዴል ሠሪ ሐዲዱን አንጥፎ፣ ድልድዩን አቁሞ፣ የጣቢያውን ቆርቆሮ እንደ ዛገ አስመስሎ ቀብቶ ሲጨርስ፣ ከኋላ ባዶ ግድግዳ ይጠብቀዋል። እዚያ ላይ ሰማይና ሩቅ ተራራ የተሣለበት ሰሌዳ ይቆማል። ስለ ሥዕሉ የሚጨነቅ ብዙ ነው፤ ስለ ቁመቱ የሚጨነቅ ግን ጥቂት። እኔን ከጠየቃችሁኝ የባለሙያ እጅ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። ቁመቱ የተሳሳተ ሰማይ ምንም ያህል አምሮ ቢሣል የድሮ ፎቶ ቤት መጋረጃ ሆኖ ይቀራል፤ ከተሣለበት አበባ ይልቅ የተሰቀለበት ሚስማር ይታያል።

ልኩ የሚነሣው ከግድግዳው ሳይሆን ከተመልካቹ ዓይን ነው። ሜዳ ላይ የቆመ ሰው አድማስን የሚያየው በዓይኑ ትክክል ነው፤ ኮረብታ ቢወጣ አድማሱም አብሮት ይወጣል። የተሣለ አድማስ ግን ከቦታው አይነቃነቅም። ስለዚህ ሠሪው የአንድ ሰው ዓይን መርጦ በዚያ ከፍታ መስመሩን ያሰምራል። ጠረጴዛው ከወለል 120 ሴንቲ ሜትር፣ የቆመው ሰው ዓይን ደግሞ 160 ላይ ቢሆን፣ አድማሱ ከጠረጴዛው 40 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል ማለት ነው። ኤች ኦ በሚባለው፣ ሁሉ ነገር ከእውነተኛው 87 ጊዜ ባነሰበት ልክ፣ ይህ 35 ሜትር ያህል ይሆናል። ተመልካቹ ባቡሩን የሚያየው ከዐሥረኛ ፎቅ መስኮት ሆኖ ቁልቁል ነው። ጠረጴዛው ከፍ ባለ ቁጥር ሰውዬው ወደ ሐዲዱ ዳር እየወረደ ይሄዳል፤ ደረት የሚደርስ ጠረጴዛ የሚመርጡ ሠሪዎች ይህንን ዐውቀው ነው። ከአድማሱ መስመር በላይ የሚወጣውም ከዚያ ዓይን የሚበልጥ ተራራ ብቻ ነው። ትንሹንም ጉብታ ከመስመሩ በላይ የሚስል ሰው ሜዳውን ገደል ውስጥ ይከተዋል።

የላይኛው ጠርዝ ግን ከዚህ የከበደ ነገር ነው። ብዙዎች ከጠረጴዛው በላይ፣ ከፊት በኩል፣ መብራቱን የሚደብቅ ከለላ ይሰቅላሉ። ተመልካቹ ከጠረጴዛው ጠርዝ 60 ሴንቲ ሜትር ርቆ ይቁም፤ ጠረጴዛው 75 ሴንቲ ሜትር ይግባ፤ የከለላው የታችኛው ጫፍ ከወለል 180 ላይ ይሁን። ከዓይኑ ተነሥቶ በከለላው ጫፍ ሥር የሚያልፈው መስመር ሰሌዳውን የሚነካው 205 ላይ ነው። ስለዚህ ከጠረጴዛው በላይ 85 ሴንቲ ሜትር ሰማይ ይበቃዋል። አሁን ዓይኑ 125 ላይ ያለ ልጅ በዚያው ቦታ ይቁም። የእርሱ ዓይን በከለላው ሥር ሾልኮ 249 ድረስ ይወጣል። እንግዲህ ሰማዩ መጀመሪያ የሚያልቀው ለአጭሩ ሰው ነው! ረጅሙን ሰው የሚያስደስት ሥራ ልጁን የሚያሳዝነው ሠሪው በራሱ ቁመት ብቻ ስለ ለካ ነው።

በካሊፎርኒያ፣ ሞንተሬይ ይኖር የነበረው ጆን አለን ይህን ጣጣ የፈታበት መንገድ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። ሙያው ፎቶ ማንሣት ነበር፤ ዓይን የት እንደምትቆም፣ የት እንደምትታለል ያውቃል። “ጎሪ ኤንድ ዲፊትድ” ብሎ በሰየመው የባቡር ሞዴል ላይ ሸለቆውን ወለሉ ድረስ አወረደው፣ ተራራውን ጣሪያው ድረስ አወጣው። ተራራው ጣሪያ በነካበት ቦታ ዓይን የሰማይ ጠርዝ ልፈልግ ብትል አታገኝም። ቦታ ሲጠበው መስታወት አቆመ፤ መንገዱና ሕንፃው በመስታወቱ ውስጥ እንዲቀጥል አደረገ። በጥር 1973 እ.ኤ.አ. ሞተ፤ ከቀናት በኋላ ሥራውን እሳት በላው። ዛሬ የምናየው ራሱ ያነሣቸውን ፎቶዎች ነው፤ እነሱን ደጋግሞ ማየት ለዚህ ሙያ ትምህርት ቤት ነው።

ባቡር የሌለበት ግን የዚሁ ጥበብ ጫፍ የሆነ ሥራ ደግሞ ኒው ዮርክ ውስጥ አለ። በአሜሪካ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ጀምስ ፔሪ ዊልሰን ከ1934 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዲዮራማ፣ ማለትም እንስሳትን በመኖሪያ ቦታቸው እንዳሉ አስመስሎ የሚያሳይ ትዕይንት፣ ጀርባዎችን ሣለ። የተማረው የሕንፃ ንድፍ ነበር፤ ስለዚህ በግምት አይሠራም። በጎበጠ ግድግዳ ላይ የተሣለ ቀጥ ያለ ነገር ተጣሞ እንደሚታይ ስለሚያውቅ፣ ፎቶውን በካሬ መስመሮች ከፋፍሎ፣ ግድግዳውንም ለተመልካቹ ዓይን በተስተካከሉ መስመሮች ከፋፍሎ፣ ካሬን ከካሬ እያዛመደ ይስላል። የጎሹን ዲዮራማ እዩት። ቦታው የዋዮሚንግ ሜዳ ነው፤ መገጣጠሚያውን የሚሸፍን ተራራ የለም፣ ጫካም የለም። እውነተኛው ሣር አልቆ ቀለም የሚጀምርበትን ቦታ ለማግኘት ዓይን ይደክማል። ሰማዩ ከላይ ጠቆር ብሎ ወደ አድማሱ ሲወርድ በማይታወቅ ደረጃ እየነጣ ይሄዳል፤ ግድግዳው ከላይ ወደ ፊት ስለሚጎብጥም ጠርዝ አልቀረለትም። ከዚህ የተሻለ የሰማይ ሥራ አላየሁም።

ቤቱ ውስጥ የባቡር ሞዴል የሚሠራ ሰው እንደ ሙዚየሙ ያለ ከላይ የጎበጠ ግድግዳ ባይኖረውም፣ የሰሌዳውን ማእዘን ማጉበጥ፣ የተራራው ጥላ ሰማዩ ላይ እንዳያርፍ ተራራውን ከሰሌዳው ትንሽ ማራቅ ይችላል። ሰሌዳውን በመጋዝ ከመቁረጡ በፊት ግን ከቤተ ሰቡ አጭሩን ልጅ ጠርቶ ከጠረጴዛው ፊት ያቁመው፤ እርሱ ግድግዳውን ካየ ሰሌዳው ገና አጭር ነው።