ሸማውን ወድዶ ሸማኔውን መናቅ

የሥራን ፍሬ እየወደደ ሠሪውን የሚንቅ ሰው፥ ወተቱን ጠጥቶ ላሚቱን እንደሚደበድብ ሰው ነው። ይኸንን ነገር ብዙ ዘመን በጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ አስተምሬአለሁ። ነገር ግን ያስተማርሁትን ራሴ ገና እንዳልተማርሁት የገባኝ፥ በቅርቡ ከአንድ የቆየ ወዳጄ ጋር ባምቢስ አካባቢ የተከፈተ የፈትልና የሸማ ባዛር ለማየት የሄድን ዕለት ነው።

ባምቢስ የሚባለው ሰፈር ስሙን የወረሰው ከአንድ የግሪክ ነጋዴ መደብር ነው። የጎረቤቱ የካዛንቺስም ስም የመጣው ጣልያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ካሠሩት ቤት ነው። እንግዲህ በዚህ ከተማ ሱቅ የከፈተና ቤት ያሠራ ሰው ስሙ ለሰፈር ይተርፋል። ያለበሰን ሰው ስም ግን ወዴት አለ?

በመጀመሪያ ለባዛሩ የሚገባውን ምስጋና ልስጥ፤ ሐያሲ ማለት ጉድለት ብቻ የሚለቅም ሰው አይደለምና። ማጉ በእጅ የተፈተለ፥ አራት እጥፍ የሆነ ጋቢ አየን፤ ሲዳስሱት እንደ ባዘቶ ይለሰልሳል፥ ሲያነሡት ግን ክብደት አለው። ከጋሞ ደጋ የመጣ ቡልኮ፥ ቀይና ቢጫ ከጥቁር ጋር የተሰለፉበት ድንጉዛም ነበር። ደግሞም የጉሎ ቅጠል ከሚበላ ትል በሚገኝ ሐር የተሠራ የአንገት ልብስ አየን። አሮጌ ሙያ አዲስ ነገር ሲቀበል እንዲህ ያምርበታል።

ጉድለቱም ነበር። ከእውነተኛው ሸማ ጎን ጥለቱ በፋብሪካ የታተመ ጨርቅ ተሰቅሎ የሽመና ሥራ ነው እየተባለ ይሸጥ ነበር። ወጣት አንባቢ ሆይ፥ እንዳትታለል ጨርቁን ገልብጠህ እይ። የተሸመነ ጥለት ክሩ በጀርባውም ይታያል፤ የታተመው ግን ጀርባው የደበዘዘ ነው። ሐሰት ሁልጊዜ የምታምረው በፊት ለፊቷ ብቻ ነው።

ከዚህ የከፋ ግን ሌላ አየሁ። በየልብሱ ላይ በተንጠለጠለው ወረቀት የመደብሩ ስም፥ የንድፍ አውጪው ስምና ዋጋው ተጽፎአል፤ የሸማኔው ስምና የፈታይቱ ስም የለም። ሻጭዋን ልጅ፥ «ይኸንን ማን ሠራው?» ብዬ ጠየቅኋት። «ሽሮ ሜዳ ነው የተሠራው አባባ» አለችኝ። ሰው ጠየቅኋት፥ ቦታ ነገረችኝ። ልጅቱን አልወቅሳትም፤ ከዚያ በፊት ማንም አልጠየቃት ይሆናል።

በአዳራሹ መግቢያ አንድ ሸማኔ ከነዕቃው ተቀምጦ መወርወሪያውን ወዲያና ወዲህ ያመላልስ ነበር። ሰዎች ቆመው ፎቶግራፍ ያነሡታል፤ ሰላም የሚለው ግን አልነበረም። ወዳጄ ቀርቦ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣው፤ ለብዙ ጊዜም ቆሞ እጁን ተመለከተ። ከዚያም ቀስ ብሎ፥ «አባቴ እንዲህ ነበር የሚቀመጠው» አለኝ።

ከወዳጄ ጋር ከሃምሳ ዓመት በላይ ተዋውቀናል። አባቱ ነጋዴ እንደ ነበሩ ነበር የሚነግረኝ። ምክንያቱን ብጠይቀው እንዲህ አለ፤ «በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን ልጆች አንዱን ጓደኛችንን ቁጢት በጣሽ ብለው ሰደቡት። አንተም አብረህ ሳቅህ። አባቴን ነጋዴ ያደረግሁት ያን ቀን ነው።»

መልስ አልነበረኝም። ስድቡን የተናገርሁት እኔ አይደለሁም፤ ነገር ግን ሳቅ የስድብ ማኅተም ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነበር። ስለዚህ እኔ ስስቅ አዋጁ ከስልሳ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። የምንማረውም ቅዱስ መጽሐፍ የሽመናን ብልሃት ከእግዚአብሔር መንፈስ የተሰጠ ጥበብ ያደርገዋል፤ ጳውሎስም ድንኳን ሰፊ ነበር። ይኸንን ጠዋት አንብበን በዕረፍት ሰዓት እንሳደብ ነበር።

አንድ ሰው፥ «ያ ዘመን አልፎአል፤ ዛሬ ሰው ሁሉ በበዓል ቀን ሸማ ለብሶ ይኮራል» ይለኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ስድቡ ቀንሶአል። ነገር ግን ንቀት ልብሱን ይለውጣል እንጂ ቶሎ አይሞትም። ትናንት ለሸማኔው ክፉ ስም እንሰጠው ነበር፤ ዛሬ ስሙን ከነጭራሹ አንጠራውም። ጥጡ ተዳምጦ፥ በደጋን ተነድፎ፥ በእንዝርት እስኪፈተል ስንት ቀን የሴት እጅ እንደሚደክም ሳናስብ፥ ስለ ጥቂት ብር እንከራከራለን። በህንድ አገር ጋንዲ ክቡር ሰው ሆኖ ሳለ ራሱ ተቀምጦ ክር ይፈትል ነበር፤ ሥራን ማክበር በቃል ብቻ እንዳልሆነ ያውቅ ነበርና። እኛ ግን በየስብሰባው ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንላለን፤ ድሩን ማን እንደ ሠራው አንጠይቅም።

ወዳጄን ይቅርታ ጠየቅሁት። እርሱም፥ «ልጆች ነበርን» አለኝ። ይህ ቸርነት ነው እንጂ ነጻ መሆኔ አይደለም፤ ልጅ ሆኜ የሳቅሁትን አስተማሪ ሆኜ አላረምሁትምና።

ከመውጣታችን በፊት ወደ ሸማኔው ተመልሼ ጋቢ ገዛሁ፤ ስሙንም ጠይቄ በወረቀት ጽፌ ከእጥፉ ውስጥ አኖርሁት። ወደ ቤቴ ስመለስ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በአገራችን ልማድ የወዳጄ ሁለተኛ ስም የአባቱ ስም ነው። ሃምሳ ዓመት ሙሉ እርሱን በሙሉ ስሙ በጠራሁት ቁጥር የአንድ ሸማኔ ስም ስጠራ ኖሬአለሁ፤ ሳላውቀው።

እናንተ ልጆቼ ግን አውቃችሁ ጥሩ። ሸማ ስትገዙ ዋጋውን ከመጠየቃችሁ በፊት፥ «ማን ፈተለው? ማን ሸመነው?» በሉ። ሻጩ ባያውቅ እንኳ፥ ለሚቀጥለው ጠያቂ ሲል ያጠና ይሆናል።