ባልና ሚስት፣ አንድ ፊልም፣ 12 ጥያቄ

የፍቅር ፊልም ትዳር ያጠነክራል ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ተቃቅፎ እንባ ማፍሰስ ነው። የሮቸስተር ዩኒቨርሲቲው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሮናልድ ሮጊ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2013 ያሳተመው ጥናት ግን ወደ ሌላ ነገር ያመለክታል። አጥኚዎቹ 174 ጥንዶችን፣ እጮኛሞችንና አዲስ ተጋቢዎችን፣ ለሦስት ዓመት ተከታተሉ። አንዱ ቡድን ጠብ ማብረድን፣ ሌላው መተዛዘንና መቻቻልን ሠለጠነ። ሦስተኛው ፊልም አይቶ ተወያየ። ከሦስቱም ውጭ ከነበሩት 24 በመቶዎቹ ሲለያዩ፣ በሦስቱ ቡድኖች ግን መጠኑ 11 በመቶ ገደማ ነበር። ፊልም ያዩት ከሠለጠኑት አላነሱም።

ወሬው ሲናኝ ፊልም እንደ መድኃኒት ተቆጠረ። የተደረገው ግን ከዚህ ይለያል። ጥንዶቹ አጭር ገለጻ ሰምተው አንድ ፊልም አዩ፤ ከዚያ ባልና ሚስት ለብቻቸው ተቀምጠው ስለ ፊልሙ ጥንዶች በ12 ጥያቄዎች ተነጋገሩ፦ እንዴት ይጣላሉ? ይቅርታስ ይጠያየቃሉ? እኛስ በምን እንመስላቸዋለን? ለቀጣዩ አንድ ወር በየሳምንቱ ሌላ ፊልም እቤታቸው እያዩ፣ ከእያንዳንዱ በኋላ 45 ደቂቃ ያህል ይጨዋወቱ ነበር።

መጀመሪያ የታየው ፊልም የስታንሊ ዶነን «ቱ ፎር ዘ ሮድ» (1967) ነው። አጥኚዎቹ እንደ መወያያ ርዕስ ቢጠቀሙበትም፣ እንደ እኔ ግምት ግማሹን ሥራ የሠራው የፊልሙ አወቃቀር ነው። ጆአና (ኦድሪ ሄፕበርን) እና አርክቴክቱ ማርክ (አልበርት ፊኒ) ከሰሜን ፈረንሳይ ወደ ሜዲትራኒያን ዳርቻ በተለያዩ ዓመታት ይጓዛሉ። የፍሬድሪክ ራፋኤል ድርሰት እነዚህን ጉዞዎች ያለ ማስጠንቀቂያ ያቀላቅላቸዋል፤ ዘመኑን የምንለየው በመኪናውና በጆአና ጸጉር ነው። ወጣቶቹ መንገድ ዳር ሊፍት ሲጠይቁ፣ ሳይቆም በሚያልፋቸው መኪና ውስጥ የተቀመጡት ከዓመታት በኋላ ያሉት እነሱው ናቸው። ምግብ ቤት ውስጥ ዝም ብለው የሚበሉ ባለትዳሮችን ሲታዘቡ የነበሩት ሁለቱ፣ ውለው አድረው ዝም ብለው የሚበሉት ራሳቸው ይሆናሉ። ሁለቱም በየተራ ይማግጣሉ።

ይህ አቀራረብ ተመልካቹን አንድ ጥያቄ ያስጠይቀዋል፦ መቼ ተለወጥን? ፊት ለፊት ቢጠየቅ ክስ የሚሆን ጥያቄ ነው። ፊልሙ ግን እንደ ሽማግሌ መሐል ይገባል። ሚስት የማርክን ግትርነት እያነሳች የባሏን ትናገራለች፤ ባልም ለማርክ ጥብቅና ቆሞ የራሱን ያስረዳል። የአንዳቸውም ስም ሳይነሳ ብዙ ነገር ይወጣል።

በሠርግ የሚያበቃ ተወዳጅ ፊልም ለዚህ አይመችም። ጥንዶቹ በእጮኝነት ዘመናቸው የወደዱት ከሆነማ ማስታወሻ ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ መውደድ መጠየቅን ይከለክላል። ከዚህ የሚያመልጠው የሪቻርድ ሊንክሌተር ሦስትዮሽ ፊልም ነው። ተዋናዮቹ ኢታን ሆክና ጁሊ ዴልፒ በ1995፣ በ2004ና በ2013 ከተመልካቾቻቸው ጋር አብረው አርጅተዋል። በወጣትነቱ በመጀመሪያው ፊልም የቪየና ሌሊት የተማረከ ጥንድ ሦስተኛው ፊልም ላይ የሆቴል ክፍሉን ረጅም ጠብ ማየት አለበት። ከሦስቱ የሚመረረው ይኸኛው ነው፤ እኔ ግን የሚጠቅመው እሱ ነው ባይ ነኝ።

በእርግጥ ጥናቱ የተካሄደው አሜሪካ ነው፤ ሁለቱም ለመነጋገር ፈቃደኛ የነበሩባቸውን ጥንዶች ነው የያዘው። አንዱ ሌላውን በሚፈራበት ቤት ፊልም ምንም አይፈይድም።

በሚነጋገሩበት ቤት ግን የሚያከራክር ነገር አይጠፋም። በ«ቱ ፎር ዘ ሮድ» ማርክ ፓስፖርቱን መጣል ልማዱ ነው፤ ሁልጊዜ የምታገኝለት ጆአና ናት። አንዱ ይህን ፍቅር ይለዋል፣ ሌላው ሸክም። እኔ ወደ ሸክም አደላለሁ፤ ዶነን ግን እስከ መጨረሻው የድንበር ትዕይንት ድረስ ለሁለቱም አልፈረደም።