የሚመለስበት ቦታ

ቤቱ ውስጥ ትንሽ ወርክሾፕ የሚያደራጅ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጨነቀው ዕቃውን ሲፈልግ ስለማግኘት ነው። መዶሻው የት ይሰቀል? መጋዙ የት ይዋል? ካቻቪቴው ቶሎ እንዲገኝ ምን ይደረግ? እኔ ብዙ ዓመት እንጨት ከሠራሁ በኋላ ጥያቄውን ገልብጬዋለሁ። መሽቶ፣ እጄ ኮላ ነክቶት፣ እራት ቀረበ እየተባልኩ፣ ይህን መሮ ወደ ቦታው መመለስ ምን ያህል ያደክመኛል? ሰው ለመውሰድ ሲሆን ትዕግሥት አያጣም። ሥራው ስለሚያጣድፈው መሳቢያ ይከፍታል፣ የላይኛውን አንሥቶ የታችኛውን ይጎትታል። ለመመለስ ግን ይህን ሁሉ አያደርግም፤ ያገኘው ጠፍጣፋ ነገር ላይ ጣል አድርጎት ይሄዳል። በማግስቱ የሥራ ጠረጴዛው መጋዘን ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ የኔ ሕግ አንድ ነው፤ ዕቃ በአንድ እጅ፣ ሌላ ዕቃ ሳይነካ የማይመለስ ከሆነ ቦታው ቦታ አይደለም።

በዚህ መለኪያ መጀመሪያ የሚወድቀው ጥልቁ ሣጥን ነው። ሣጥንን አልነቅፍም። አዲስ አበባ መንገድ ዳር ሥራ የሚጠብቁ አናጺዎች፣ ቀለም ቀቢዎችና የቧንቧ ሠራተኞች መጋዛቸውን፣ ውኃ ልካቸውን፣ ብሩሻቸውን ከፊታቸው ደርድረው ይቀመጣሉ። ዕቃው ማስታወቂያቸው ነው፤ ሥራ የሚሰጥ ሲመጣ ደግሞ በአንድ አፍታ ተሰብስቦ ከረጢት ውስጥ ይገባል። ለእነሱ ዋናው ነገር መሸከም ስለሆነ ከረጢቱ ልክ ነው። ቤቱ ውስጥ የሚሠራ ሰው ግን ዕቃውን ይዞ የትም አይዞርም። ሣጥኑን ለምን ይወዳል ቢባል፣ ክዳኑ ሲዘጋ ዝብርቅርቁ ስለማይታይ ይመስለኛል።

ሣጥንን እስከ መጨረሻው ያደረሰው ሄንሪ ስታድሊ የሚባል አሜሪካዊ የፒያኖ ሠሪ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1925 ነው የሞተው። ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ በሚከፈት፣ ቁመቱ አንድ ሜትር ገደማ በሆነ ሣጥን ውስጥ ወደ 300 የሚጠጉ መሣሪያዎች አስገብቷል። እያንዳንዱ ዕቃ በራሱ ቅርጽ በተፈለፈለ ማደሪያ ውስጥ ይተኛል፤ ከኋላ ያለውን ለማግኘት ከፊት ያለውን ረድፍ እንደ መስኮት መክፈት ያስፈልጋል። ፎቶውን ባየሁ ቁጥር እጄን አፌ ላይ እጭናለሁ። ለራሴ ግን አልሠራውም። እንዲያ ተለክቶ የተሞላ ሣጥን ነገ አንድ አዲስ መሮ ብገዛ የማስገባበት ክፍተት የለውም።

የቀረን ግድግዳ ነው። እዚህ ላይ የቤቱ ዓይነት ይወስናል። የጭቃ ግድግዳ ላይ ሚስማር ሲመታ ለጊዜው የያዘ ይመስላል፤ ጭቃው ግን ቀስ እያለ እየፈረፈረ ይለቀዋል። ግድግዳውን በመዶሻ እያንኳኩ ከምርጊቱ በታች ያለውን ቋሚ እንጨት መፈለግና ከቋሚ ወደ ቋሚ አግድም ጣውላ መምታት ነው መፍትሔው። ከዚያ በኋላ የሚሰቀለው ሁሉ ጣውላው ላይ እንጂ ጭቃው ላይ አይሰቀልም። ብሎኬት ደግሞ ውስጡ ክፍት ስለሆነ ሚስማር ሲመታበት ይሰነጠቃል፤ ተሰርስሮ ፊሸር ገብቶበት በብሎን መታሰር አለበት። በሁለቱም ቤት አግድም ጣውላው አንድ ሌላ ጥቅም አለው፤ ከግድግዳው ጥቂት ስለሚርቅ ከኋላው አየር ያልፋል። ዝገት ላይ ስደርስ እመለስበታለሁ።

የትኛው ግድግዳ? ሰው ሁሉ የሚመርጠው ከሥራ ጠረጴዛው ፊት ለፊት ያለውን ነው። ያምራል፣ ዕቃው ሁሉ ዓይን ይገባል። እኔ አልስማማም። ዕቃውን ለማንሣት በተሠራው ሥራ ላይ ተንጠራርተህ ማለፍ አለብህ፤ ከእጅህ ካመለጠ ደግሞ የሚወድቀው ስትልግ የዋልከው የዋንዛ ገበታ ላይ ነው። ሰጋቱራውም ተወርውሮ የሚያርፈው እዚያው ነው። ጀርባዬ ያለውን ግድግዳና ሁለቱን ጎኖች እመርጣለሁ። ዞር ማለት ከመንጠራራት ይቀላል።

አቀማመጡ በዓይነት ሳይሆን በሥራ ቅደም ተከተል ቢሆን ይሻላል። መጋዝ ከመጋዝ፣ መዶሻ ከመዶሻ ጋር መደርደር ለሱቅ ነው። ሥራ ሲጀመር ሜትር፣ ስኳድራ፣ እርሳስና ቢላዋ አብረው ይነሣሉ፤ አብረው ይዋሉ። መሮ ስትመታ መሮው በግራ፣ የእንጨት መዶሻው በቀኝ እጅ ይያዛል፤ ስለዚህ የመሮው ማኖሪያ ከግራዬ፣ መዶሻው ከቀኜ ነው፤ ግራኝ የሆነ ሰው ይገልብጠው። ጉጠት ከሚስማር አጠገብ፣ ብርጭቆ ወረቀት ከቬርኒሹ አጠገብ ይቀመጣል። መጥረቢያው፣ ከባዱ መዶሻና ሞርሳው ታች፤ ስለታሙ ሁሉ ደግሞ ልጆች ከማይደርሱበት። ከዚህ ያለፈ ሕግ አያስፈልግም።

ካይዘን የሚባለው የሥራ ማሻሻያ ዘዴ ከጃፓን ወደ አገራችን መጥቶ በ2004 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ከተቋቋመ ወዲህ፣ በአንዳንድ ፋብሪካዎች ግድግዳ ላይ የዕቃ ቅርጽ በቀለም መሥራት የተለመደ ሆኗል። ፒንሳው ሲነሣ የፒንሳ ጥላ ይቀራል፤ የጎደለውን ማንም ያየዋል። ብዙ ሰው በየፈረቃው ለሚለዋወጥበት ቦታ የተባረከ ዘዴ ነው። ብቻውን ለሚሠራ ሰው ግን ወደ ቀለሙ እንዳይቸኩል እመክራለሁ፤ አንዴ ከተቀባ በኋላ አቀማመጡን ለመቀየር ያሰንፋል፣ ጥሩ አቀማመጥ ደግሞ ተሠርቶበት እየተለወጠ እንጂ በአንድ ቅዳሜ አይገኝም። ከካይዘን ያለ ምንም ማቅማማት የወሰድኩት ማጣራትን ነው። አንድ ዓይነት ካቻቪቴ አራት ካለህ፣ ሦስቱ አንተን ሳይሆን ግድግዳውን ነው የሚያገለግሉት።

ወደ መሮው እንመለስ፤ የማኖሪያው ነገር በደንብ የሚታየው እሱ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ጣውላ ላይ ክብ ቀዳዳ ተበስቶ መሮው ከላይ ወደ ታች ይሰካል። እንዲህ የተሰካን መሮ ለማውጣት ምላጩን በሙሉ ወደ ላይ መሳብ ግድ ነው፤ ስለዚህ ከበላዩ አሥራ አምስት ሳንቲሜትር ያህል ባዶ መቅረት አለበት፣ ስትመልሰውም ስለቱን ቀዳዳው ላይ ማነጣጠር ይኖርብሃል። ቀዳዳውን ከፊት በኩል በመጋዝ ከፍተህ አፍ ብታወጣለት ግን መሮው ከፊት ለፊት ገፋ ተደርጎ ይገባል፤ እጀታው ይይዘዋል። አፉ ከምላጩ ትንሽ የሰፋ፣ ከእጀታው የጠበበ ይሁን። ከስለቱ ፊት አንድ ቀጭን ኮምፔንሳቶ ብትመታበት ደግሞ ሲያልፉ እጅ አይቆርጥም። እንዲህ ሲቀመጥ ምላጩ ስለማይታይ ስፋቱን እጀታው ጫፍ ላይ መጻፍ ነው፤ 6፣ 12፣ 18፣ 25 ሚሊ ሜትር። ማታ መብራት ሲጠፋ በሻማም ይነበባል።

ሞረድ ከሁሉ በላይ ይበደላል። ጥርሱ ግሎ በድንገት ስለቀዘቀዘ ጠንካራ ነው፣ ጠንካራ በመሆኑም ተሰባሪ ነው። ሞረድን ከሞረድ ጋር መሳቢያ ውስጥ ስታንኳኳ እርስ በርሳቸው ጥርስ ይራገፋሉ፤ ከዚያ ሰው ገበያውን ይረግማል። ለየብቻ ይሰቀሉ። መጋዝ ይሰቀል፤ ጥርሱ ላይ ደግሞ በቁመቱ የተሰነጠቀ የውኃ ጎማ ቁራጭ ይግባበት። ሴጌቶ ሥራ ሲያልቅ ውጥረቱን ማላላት ነው። መላጊያ ምላጩ ወደ ውስጥ ተመልሶ ይቀመጥ፤ በጎኑ ይተኛ ወይስ በሆዱ የሚለውን ክርክር ለሻይ ሰዓት ትቼዋለሁ። ውኃ ልክ ማዕዘን ላይ ተደግፎ መቆም የለበትም፤ አንድ ቀን መውደቁ አይቀርም፣ ከወደቀ በኋላ ደግሞ ሳይሰበር መዋሸት ሊጀምር ይችላል። አንድ ቦታ ላይ አስቀምጠህ ካየህ በኋላ ጫፍና ጫፉን አዙረህ እዚያው መልሰው፤ አረፋው ያው ቦታ ካልተገኘ ልኩ ተዛብቷል።

የመዶሻ እጀታ ደግሞ በበጋ ይላላል፤ እንጨቱ ደርቆ ስለሚኮማተር ነው። ጣሪያ ሥር፣ ቆርቆሮው በሚግልበት ከፍታ ላይ የተሰቀለ መዶሻ ቶሎ ይላላል። ሰው ውኃ ውስጥ ይነክረዋል፤ እንጨቱ ያብጥና ለጊዜው ይጠብቃል። ግን ሲያብጥ ብረቱ ጠርዝ ላይ ራሱን ይጨፈልቃል፤ ሲደርቅ ከበፊቱ ይብስበታል። መዶሻውን ዝቅ አድርጎ መስቀል፣ ከላላም በሽብልቅ ማጥበቅ ነው የሚበጀው። ከወይራ የተሠራ እጀታ ካለህ ተንከባከበው።

አሁን ዝገት። ክረምቱ ሦስት አራት ወር የሚዘንብበት አገር ውስጥ ዕቃ ማኖር ማለት ግማሹ ከዝገት ጋር መደራደር ነው። ሰዎች ዝገት የሚመጣው ከሚያፈስ ጣሪያ ይመስላቸዋል። የሚያፈስ ጣሪያ እንኳ ይታያል፣ ይደፈናል። የማይታየው፣ ቀን በሰው ትንፋሽና በእርጥብ እንጨት የረጠበው አየር ሌሊት ቀዝቃዛ ብረት ላይ ሲያርፍ ነው። ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ቤት ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ ጠዋት ቆርቆሮው በውስጥ በኩል ያላበው ለዚያ ነው፣ መጋዝህም አብሮት ያልበዋል። ውጭ የሚነካው ግድግዳ ከውስጠኛው ስለሚበርድ ስለታም ዕቃ ወደ ውስጠኛው ይሂድ። ቅድም ያልኩት የጣውላው ክፍተትም እዚህ ይጠቅማል፤ ብረቱ ግድግዳውን ባለመንካቱ እርጥበቱ አይይዘውም።

ሁለተኛው ጠላት ቤት ውስጥ የምናስገባው ነው። ወርክሾፕ የምናደርገው ሰርቪስ ቤት ወርክሾፕ ብቻ ሆኖ አያውቅም፤ የልብስ ማጠቢያው በረኪና፣ ያረጀው የመኪና ባትሪ፣ የከሰል ጆንያው ሁሉ እዚያው ነው። በረኪና ክዳኑ ላላ ካለ ትነቱ ብቻውን በጥቂት ሳምንት ብረቱን ቡናማ ያደርገዋል። ባትሪም ሲሞላ አሲድ ይረጫል። እነዚህን ማውጣት ከማንኛውም ዘይት ይበልጣል። ላብም አለ፤ ጨው ነው፣ የጣት አሻራ ሳይቀር ያዝጋል።

ስለ ዘይት ከተነሣ፣ ብረት ላይ የኑግ ዘይት አትቀቡ። ኩሽና ውስጥ ስለማይጠፋ እጅ ይሄድበታል፤ ግን የኑግ ዘይት አየር ሲያገኝ ቀስ በቀስ ይወፍራል፣ ይጣበቃል፣ አቧራውን ሁሉ ይሰበስባል። የልብስ ስፌት መኪና ዘይት በጨርቅ ስስ አድርጎ መጥረግ በቂ ነው። የተልባ ዘይት ለእጀታ መልካም ነው፤ እንጨቱ ላይ ገብቶ ይደርቃል። የተቀባበትን ጨርቅ ግን ጨምድዶ መጣል አደገኛ ነው፤ ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ስለሚያወጣ የታጨቀ ጨርቅ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ዘርግቶ ውጭ ማድረቅ ነው።

ሚስማርና ብሎን የኒዶ ጣሳ ይበቃቸዋል። ባለ 6፣ ባለ 8፣ ባለ 10 ብሎ ለይቶ በየጣሳው ላይ አንድ ሚስማር በገመድ ማንጠልጠል ከጽሑፍ ይሻላል፤ ቢጫው ጀሪካን ጎኑ ተቆርጦ ለትርፍራፊው ትሪ ይሆናል። ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት የፈሰሰ ሚስማር ለመልቀም ድንቅ ነው፣ ግን ከሞረድና ከመሮ ይራቅ። ብረቱ ማግኔትነቱን ከያዘ የሞረዱ ዱቄት ጥርሱ ውስጥ ተጣብቆ አይራገፍም።

ያልተነካው ትልቁ ነገር ጎረቤት ነው። በኛ ሰፈር ዕቃ ያለው ሰው ዕቃው የሱ ብቻ አይደለም። «ልጄ፣ አንተ መዶሻ አታጣምና እስቲ አንዴ» ብለው በር ላይ የቆሙ እናትን እምቢ ማለት ከነውርም ነውር ነው፣ «እሺ እማማ» ይባላል። ፋሲካ ሲደርስ ደግሞ መሳያ ድንጋይ የማይጠይቅ ቤት የለም። ስለ ወርክሾፕ ከሚጽፉ የውጭ ሰዎች ይህን ጉዳይ ሲያነሣ ያየሁት የለም፤ እዚህ ግን ከዝገት ያልተናነሰ ዕቃ የሚጠፋበት በር ነው። ሰዎቹ ክፉ ሆነው አይደለም፤ ያንኑ የመመለስ ችግር እነሱም ቤት ስላለ ነው።

ስለዚህ በሩ አጠገብ፣ ሳይገቡ የሚደረስበት አንድ የውሰት መደርደሪያ ሠርቻለሁ። መዶሻ፣ ፒንሳ፣ ሁለት ካቻቪቴ፣ ጉጠት፣ አንድ መጋዝ፣ ለቢላዋ የሚሆን ድንጋይ። አብዛኛውን መርካቶ ምናለሽ ተራ ነው የገዛሁት፤ እጀታውን ቀይሬ፣ ዝገቱን ፍቄ፣ ስለቱን አውጥቼ። ከመደርደሪያው በላይ ጥቁር የተቀባ ጣውላና ጠመኔ ተንጠልጥሏል፤ የወሰደ ስሙን ይጽፋል፣ የመለሰ ያጠፋል። የሚገርመው፣ የሚመለሰው ከሚጠፋው በብዙ ይበልጣል፤ ምክንያቱም መላሹ እኔን መፈለግ፣ ይቅርታ መጠየቅ፣ ቡና ጠጣ መባል ሳያስፈልገው ሲያልፍ ሰቅሎት ይሄዳል። ለእኔ በአንድ እጅ ያልኩት ሕግ ለእነሱም ሠርቷል። መሮና መላጊያ ግን እዚያ መደርደሪያ ላይ የሉም። መሮ ለሚጠይቀኝ ሰው ሥራውን ራሱን ይዞልኝ እንዲመጣ ነው የምነግረው።