ባቤት እራቱን ያዘጋጀችው ለማን ነው?

በወጣቶች ኅብረት ፊልም አይተን መብራት ሲበራ የምትመጣውን የመጀመሪያ ጥያቄ ታውቋታላችሁ፦ «ምን ተማራችሁ?» ጥያቄዋ ክፉ አይደለችም፤ ችግሯ ቶሎ መምጣቷ ነው። ከመካከላችሁ በሥነ ጽሑፍና በፊልም ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር አስቦ «ይህ ደግሞ ምን ይሠራል?» የተባለ ካለ፣ ይህን የጻፍሁት በተለይ ለእርሱ ነው። እዚያ የሚማር ሰው ሥራው ምን እንደሚመስል በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ።

ዴንማርካዊቷ ካረን ብሊክሰን «የባቤት ግብዣ» የተባለውን ታሪክ በ1950 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ አሳተመች። ጋብሪኤል አክሰል በ1987 ፊልም አደረገው፤ በዓመቱም በውጭ ቋንቋ ፊልም ዘርፍ ኦስካር አገኘ። ታሪኩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። በአንድ የባሕር ዳርቻ መንደር ትንሽ ጉባኤ አለች። መሥራቹ ቄስ ካረፉ በኋላ የሚንከባከቧት ሁለት ሴቶች ልጆቻቸው ናቸው፤ ስማቸው ማርቲነና ፊሊፓ፣ ከሉተርና ከሜላንክቶን የተወሰደ ነው። አባላቱ አርጅተዋል፤ የድሮ ቂም እያነሡ ይነታረካሉ። (እንዲህ ያለ ጉባኤ አይታችሁ አታውቁም አልልም።) በ1871 ከፓሪስ ኮሙን እልቂት ያመለጠችው ባቤት እነርሱን ተጠግታ ምግብ ታበስላለች። ከዓመታት በኋላ 10,000 ፍራንክ ሎተሪ ይደርሳታል፤ በቄሱ መቶኛ የልደት ቀን ለ12 ሰዎች እራት አዘጋጅታ ሁሉንም ትጨርሰዋለች። አረጋውያኑ ስለ ምግቡ ትንፍሽ ላለማለት ቃል ተገባብተዋል፤ ሆኖም ማዕዱ ላይ ይታረቃሉ።

እዚህ ላይ ስብከቱ ዝግጁ ነው፦ ጸጋ፣ ያላትን ሁሉ የሰጠች ሴት፣ የጌታ እራት። እኔም አንድ ጊዜ እንዲህ ሰብኬዋለሁ። የድኅረ ምረቃ ተማሪ ግን መጽሐፉንና ፊልሙን ጎን ለጎን አስቀምጦ ልዩነቱን ይለቅማል። «ፊልሙ ለመጽሐፉ ታማኝ ነው?» የሚለው ሩቅ አያደርስም። «ምን ተለወጠ? ለውጡስ ትርጉሙን ወዴት ወሰደው?» ብሎ ይጠይቃል።

መንደሩን ተመልከቱ። በመጽሐፉ የኖርዌይዋ ቤርሌቮግ ናት፤ ቤቶቿ በልዩ ልዩ ቀለም የተቀቡ፣ መጫወቻ የሚመስሉ ናቸው። በፊልሙ የዴንማርክ ጁትላንድ ሆናለች፤ ግራጫና ባዶ። የእራቱ ቀለም ዓይን የሚሞላው ለዚህ ነው። ስለ ምሽቱ መጨረሻ ደግሞ ተራኪዋ እንግዶቹ ኋላ በትክክል እንዳላስታወሱት ትነግረናለች። ካሜራ እንዲህ ማለት አይችልም፤ አንድ ነገር ማሳየት አለበት። አክሰል አፋቸው ዝም እንዳለ ፊታቸው ሲፈታ አሳየን፤ የፊልሙ ትልቁ ብርታት ይህ ይመስለኛል። ሲወጡ ግን መጽሐፉ ይበልጥብኛል። እዚያ በበረዶው ላይ እየተንገዳገዱ ይወድቃሉ፤ በፊልሙ እጅ ለእጅ ተያይዘው በውኃ ጉድጓዱ ዙሪያ ይዘምራሉ። ደስ ይላል፤ ትንሽ አምሯል። (የወይኑን ነገር ለሌላ ጊዜ እንተወው።)

ከሁሉ የሚከብደው ወጥ ቤት ውስጥ ያለው ነው። እህትማማቾቹ ለእነርሱ ስትል ያላትን ሁሉ ማውጣት እንዳልነበረባት ይነግሯታል። በፊልሙ ባቤት ለእነርሱ ብቻ ብላ እንዳላደረገችው ትመልሳለች። በመጽሐፉ «ብቻ» የምትለው ቃል የለችም፤ ለእነርሱ ሳይሆን ለራሷ እንደ ሆነ በግልጽ ትናገራለች። ቀጥላም ድሮ ታበስልላቸው የነበሩት የፓሪስ መኳንንት ድሆችን ያስራቡ ጨካኞች እንደ ነበሩ፣ እርሷም በምሽግ ቆማ እንደ ተዋጋቻቸው፣ ነገር ግን ጥበቧ የሚገባቸው እነርሱ ስለ ነበሩ እንደምታዝንላቸው ትናገራለች። ፊልሙ ይህን ንግግር ትቶታል።

የፊልሟ ባቤት ለመድረክ ትመቻለች። የመጽሐፏ አትመችም፤ ኩሩ ናት፤ ቁጡ ናት፤ ጠላቶቿን ትናፍቃለች። ሆኖም በእራቷ የታረቁት ሰዎች በእውነት ታርቀዋል። ታዲያ ጸጋው የመጣው ከሰጪዋ ልብ ንጽሕና ነው ወይስ ከሌላ? ያን ጊዜ የሰበክሁት የፊልሟን ባቤት ነበር፤ መጽሐፉን ሳነብ አንዲት «ብቻ» አፈረሰችብኝ። አሁን የመጽሐፏን ባቤት እመርጣለሁ፤ እንዴት እንደምሰብካት ግን ገና አላወቅሁም።

ፊልሙን በኅብረታችሁ ካያችሁት ወጥ ቤቱ ላይ አቁሙትና መልሷን ደግማችሁ ስሙ። «ምን ተማራችሁ?» ትቆየን።