ከዳኞቹ በፊት የሚፈርደው ደንብ፦ የዩሮቪዥን ወጣት ሙዚቀኞች ውድድር ሲመረመር

የአውሮፓ ብሮድካስቲንግ ኅብረት በየሁለት ዓመቱ የሚያካሂደው የዩሮቪዥን ወጣት ሙዚቀኞች ውድድር በ1982 በማንችስተር ከተማ ተጀመረ (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። ያን ጊዜ የተሳተፉት ስድስት አገሮች ብቻ ሲሆኑ፣ ያሸነፈው የምዕራብ ጀርመኑ ፒያኒስት ማርኩስ ፓውሊክ ነበር። በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የተሰረዘውን የ2020ውን ውድድር ትተን፣ በ2024 ኖርዌይ ቦዶ ላይ እስከተካሄደው ድረስ 21 አሸናፊዎች ተመርጠዋል። ስለ እነዚህ ልጆች ሲጻፍ ሁሌም የሚወራው ስለ ተሰጥኦ ነው። ስለ ውድድሩ ደንብ የሚያወራ ግን ብዙም አይገኝም። ዳኞቹ ወንበራቸው ላይ ከመቀመጣቸው በፊት ብዙውን ነገር የሚወስነው ግን ይኸው ደንብ ነው።

የአሸናፊዎቹን ዝርዝር በያዙት መሣሪያ ከፋፍለን እንመልከተው። አሥሩ ቫዮሊን ተጫዋቾች፣ አምስቱ ፒያኒስቶች፣ ሁለቱ ቼሎ ተጫዋቾች ናቸው። ከ1982 እስከ 2006 በተካሄዱት 13 ውድድሮች ከእነዚህ ከሦስቱ መሣሪያዎች ውጭ ያሸነፈ የለም። በ2008 ግሪካዊው ዲዮኒሲስ ግራመኖስ በክላርኔት ሲያሸንፍ ይህ ግንብ ተነቃነቀ። ከእሱ በኋላ ስሎቬኒያዊቷ ኤቫ ኒና ኮዝሙስ በፍሉት፣ ኖርዌያዊው አይቪንድ ሪንግስታድ በቪዮላ፣ ፖላንዳዊው ዉካሽ ዲችኮ በሳክስፎን አሸነፉ። ትራምፔት፣ ሆርንና ትሮምቦን ግን እስከ 2024 ድረስ አንድም አሸናፊ አላስገኙም።

የመጀመሪያው ምክንያት ዕድሜ ይመስላል። ለትንንሽ ልጆች ተብሎ የሚሠራ ቫዮሊን ስላለ፣ አንድ ልጅ በአራት ወይም በአምስት ዓመቱ መማር ሊጀምር ይችላል። ትሮምቦን ግን ክንድ ይጠይቃል፤ የፊት ጥርስና ትንፋሽም ይጠይቃል። ስለዚህ ሁለት የ16 ዓመት ልጆች እኩል መድረክ ላይ ሲቆሙ፣ አንደኛው ከሌላው ሁለት እጥፍ የሚሆን የልምምድ ዘመን ይዞ ሊመጣ ይችላል። የድርሰቶቹ ብዛትም ሌላ ልዩነት ይፈጥራል። ቫዮሊኒስቱ ከሜንዴልሶን፣ ከቻይኮቭስኪ፣ ከሲቤሊየስ፣ ከብራምስ ኮንቼርቶዎች የሚስማማውን ይመርጣል። ትራምፔት ተጫዋቹ ግን ከሃይድንና ከሁመል ኮንቼርቶዎች አልፎ ሕዝብ የሚያውቀው ሥራ ለማግኘት ይቸገራል።

ይሁንና ዕድሜ ብቻውን ነገሩን አይፈታውም። ይህን የሚያሳየን የዩሮቪዥኑ ውድድር መነሻ የሆነው፣ ቢቢሲ በ1978 የጀመረው የብሪታንያ ወጣት ሙዚቀኞች ውድድር ነው። ቢቢሲ ተወዳዳሪዎቹን በአራት ምድብ ከፈላቸው፦ የክር፣ የነሐስ ትንፋሽ፣ የእንጨት ትንፋሽና ፒያኖ። እያንዳንዱ ምድብ የራሱን አሸናፊ ካወጣ በኋላ ነበር አሸናፊዎቹ እርስ በርስ የሚገናኙት። በመጀመሪያው ዓመት ከፒያኖው ምድብ የመጣው በኋላ በዓለም ዙሪያ ስሙ የገነነው ስቲቨን ሃፍ ነበር፤ ዋናውን ሽልማት የወሰደው ግን ትሮምቦን ተጫዋቹ ማይክል ሄክስት ነው። በ1988 ዴቪድ ፓያት በሆርን አሸነፈ። በ1994 የምት መሣሪያዎች ምድብ ተጨመረና ከአራት ዓመት በኋላ ኤድሪያን ስፒሌት በዚያ አሸነፈ። በ2008 ደግሞ አሸናፊው ፒተር ሙር ሲሆን፣ ትሮምቦኑን ይዞ ሲቆም ገና የ12 ዓመት ልጅ ነበር።

ፒተር ሙር ከላይ ያልኩትን የክንድና የጥርስ ነገር ጥያቄ ውስጥ ይከተዋል፤ ሊከተውም ይገባል። ትልቁ መሰናክል ከልጆቹ አካል ይልቅ የመግቢያው በር ነው ማለት ነው። በቢቢሲ ውድድር የነሐስ ትንፋሽ ተጫዋች ለፍጻሜ መድረሱ በደንቡ የተረጋገጠ ነበር። በዩሮቪዥን ግን እያንዳንዱ አገር የሚልከው አንድ ተወዳዳሪ ብቻ ነው። አንድ ልጅ ብቻ የመላክ ዕድል ያለው ጣቢያ ማንን እንደሚልክ መገመት አይከብድም፤ ሲያሸንፍ የታየውን መሣሪያ የያዘውን ይልካል።

ማሸነፍና መሸነፍ ራሱ ለወደፊቱ ምን ያህል ይናገራል? በ1988 አምስተርዳም ላይ የ13 ዓመቱ ቫዮሊኒስት ዩሊያን ራህሊን አንደኛ፣ የ18 ዓመቱ ኖርዌያዊ ፒያኒስት ሌፍ ኡቨ አንድስነስ ሁለተኛ ወጡ። ዛሬ የሁለቱንም ኮንሰርት የሚከታተል ሰው ያን ደረጃ አያስታውሰውም። እኔም በበኩሌ የውድድሩ እውነተኛ ስጦታ ዋንጫው ሳይሆን ከሙሉ ኦርኬስትራ ጋር መቆሙ ነው እላለሁ።

ያ ስጦታ ግን በሰዓት እየተሸራረፈ ነው የሚሰጠው። በ2018 ኤድንበርግ ላይ ያሸነፈው ሩሲያዊው ኢቫን ቤሶኖቭ የተጫወተው የቻይኮቭስኪን የመጀመሪያ የፒያኖ ኮንቼርቶ ሦስተኛ ክፍል ነው፤ ፈጣኑን፣ በጭብጨባ የሚያልቀውን። ልጁ ግሩም ነበር። ነገር ግን ኮንቼርቶ የተያያዘ ሐሳብ ነው። መሐሉ ላይ ያለው ዝግተኛ ክፍል ተጫዋቹ ጣቶቹን ሳይሆን ጆሮውን የሚያሳይበት ቦታ ነውና፣ እሱ ሲቀር ዳኞቹ የሚመዝኑት ብርታትን ብቻ ይሆናል። ቪየናና ኮሎኝ እንዳደረጉት ፍጻሜው በአደባባይ ሲካሄድ ደግሞ ድምፁ ለተመልካች የሚደርሰው በማይክሮፎን በኩል ስለሆነ፣ የልስላሴው ነገር በድምፅ ባለሙያው እጅ ይወድቃል።

የቴሌቪዥን ተመልካች ረጅምና ዝግተኛ ሙዚቃ አይችልም የሚለው መከራከሪያ ብዙ አያሳምነኝም። በ2000 የቢቢሲ ፍጻሜ ላይ ጋይ ጆንስተን የሾስታኮቪችን የመጀመሪያ የቼሎ ኮንቼርቶ ገና እንደጀመረ ክሩ ተበጠሰበት። ከመድረክ ወጣ፣ ሌላ ክር አስገባ፣ ተመልሶ እንደገና ጀመረና አሸነፈ። ሙሉውን ኮንቼርቶ የመጫወት ጊዜ ባይሰጠው ኖሮ ይህን ልጅ አናውቀውም ነበር። በ2016 የ17 ዓመቱ ሼኩ ካኔ ሜሰን በዚያው ድርሰት አሸንፎ የውድድሩ የመጀመሪያ ጥቁር አሸናፊ ሆነ። የዚህ ኮንቼርቶ ሦስተኛ ክፍል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቼሎው ለብቻው የሚጫወትበት ነው፤ ኦርኬስትራው ቀስቱን አውርዶ ይጠብቃል። ሁለቱም ልጆች ይህን ክፍል በካሜራ ፊት ተጫውተው አሸነፉ፤ ተመልካችም ተከታተላቸው። ዩሮቪዥን የመሣሪያ ምድቦችን እንኳ ባያወጣ፣ ቢያንስ ለፍጻሜ ለደረሱት ወጣቶች አንድ ዝግተኛ ክፍል በግዴታ እንዲጫወቱ ቢደነግግ የሚያጣው የስርጭት ሰዓት ጥቂት ነው።